«ጼኸን» ከ«ትሪንከን» በምን ይለያል?

ጠያቂው ወንድማችን «ጼኸን የሚለው የጀርመን ግስ ዝም ብሎ መጠጣት ነው? የድንጋይ ከሰል ማውጫውንስ ለምን ጼኸ ይሉታል?» ብለሃል። ጀርመን አገር ኤሰን ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ቃሉን በደንብ አውቀዋለሁ።

ትሪንከን ተራው መጠጣት ነው፤ ለውሃም ለወተትም ይሆናል። ዛውፈን የከብት አጠጣጥ ነው፤ ለሰው ሲሆን ያለ ልክ አልኮል መጋት ማለት ነው። አለቃህ ፊት እንዳትለው። ጼኸን ግን ሰብሰብ ብሎ፣ እየተጨዋወቱ፣ ደህና አድርጎ መጠጣት ነው። ዛሬ ቃሉ አርጅቷል። ወጣቶቹ ዛውፈን ነው የሚሉት።

አመጣጡ ደስ ይላል። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ጼኸ ማለት ተራ፣ ቅደም ተከተል ነበር። ቀጥሎ በተራ የተደራጀ ማኅበር ሆነ። ማኅበርተኛው አዋጥቶ ሲበላና ሲጠጣ መዋጮውም ድግሱም ጼኸ ተባለ። ዛሬ ጼኸ የመጠጥ ቤት ሒሳብ ነው። ግሱም ድሮ ማሰናዳት፣ ማደራጀት ነበር፤ መጠጡ ኋላ የመጣ ነው። እናቴ የማርያም ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ጠላ ስትጠምቅ ላደግሁት ለኔ፣ ይህ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም።

ማዕድን ቆፋሪዎችም እንዲሁ በማኅበር ወጪና ትርፍ ይካፈሉ ነበር። ስሙ ከማኅበሩ ወደ ጉድጓዱ ተሻገረ። እዚሁ ኤሰን ያለው ጼኸ ጾልፈርአይን በ1986 እ.ኤ.አ. ከሰል ማውጣት አቆመ፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ጠጥቶ ሳይከፍል የሚጠፋ ሰው ደግሞ ጼኽፕሬለር ይባላል። አንድ ማታ አራት ልጆች እንዲህ አደረጉኝ። እዚህ ብርጭቆ በቀረበ ቁጥር ከሥሩ በሚቀመጠው ክብ ካርቶን ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጭረት ይደረጋል። ካርቶኑ ራሱ ሒሳቡ ነው። አሥራ ሰባት ጭረት ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አለቃዬ ከደሞዝህ ነው አለኝ።

ባንኮኒው ጋ ጡረታ የወጣ የከሰል ቆፋሪ ተቀምጦ ነበር። ካርቶኑን ከእጄ ወሰደው። ጭረቶቹን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠረ። «ጼኸውን እኔ እከፍላለሁ» አለና ቦርሳውን አወጣ።