ሲስተርን ጠይቁ፦ ዳሌ፣ ሮቦትና ያጠረ እግር

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ የአጥንት ኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። የዛሬው ርዕስ ዲስፕሌዥያ ላለባቸው፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ የዳሌ ጎድጓዳቸው ጥልቀት ለጎደለው፣ በሮቦት እርዳታ ስለሚደረግ የዳሌ ቅየራ ነው። የራጅ ፊልም እየላካችሁ "ምን አለብኝ?" አትበሉኝ። ሐኪም አይደለሁም።

ሜሪ፦ ሲስተርዬ፣ ሮቦቱ ብቻውን ነው የሚሠራው? እናቴ ፈርታለች።

ሲስተር፦ አይደለም፣ አረጋጊያት። የሚቀደውም የሚሰፋውም ሐኪሙ ነው። ማኮ የሚባለው ማሽን ክንድ ነው፤ ሐኪሙ ይዞት አጥንት ሲፍቅ ከታቀደው መስመር እንዳያልፍ ይገታዋል።

የጉለሌው፦ ታዲያ በእጅ ቢሠራስ? ምን ልዩነት አለው?

ሲስተር፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው! ጤነኛ ዳሌ ላይ ሐኪሙ የሚመራባቸው ምልክቶች አሉ። ዲስፕሌዥያ ላይ ግን ጎድጓዳው ለጥ ያለ ነው፣ ጣሪያው በቂ አጥንት የለውም። ሲብስ ደግሞ የጭን አጥንቱ ራስ ወደ ላይ ሸሽቶ ሌላ የውሸት ጎድጓዳ ይሠራል። የጭን አጥንቱም ብዙ ጊዜ ወደ ፊት የተጠመዘዘ፣ ውስጡም ጠባብ ነው። ስለዚህ ለሮቦቱ ቀድሞ ሲቲ ስካን ይነሳል። ኩባያው፣ ማለትም የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጎድጓዳ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ አጥንቱ ምን ያህሉን እንደሚሸፍነው፣ ስንት ቁጥር እንደሚሆን ገና ሳይቀደድ ስክሪን ላይ ይታያል። የኩባያው ማዕዘንና የጭኑ ጥምዝ አብረው ይታሰባሉ፤ ካልታሰቡ ዳሌው ሊወልቅ ይችላል። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኩባያው የሚጠቀስ ልክ አለ፤ ጋደል ማለቱ 40 ዲግሪ፣ ወደ ፊት መዞሩ 15፣ ሁለቱም 10 ከፍ ዝቅ ቢል። ለተጠመዘዘ ጭን ይህ ብቻውን አይበቃም። አደራ፣ ከማሽኑ በፊት ሐኪሙን አጣሩ። "ስንት የዲስፕሌዥያ ዳሌ ሠርተዋል?" በሉት።

ቲጂ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ሲስተር፦ ኢንሹራንስሽን ጠይቂ።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጄ፣ ክሮው 4 ነው፣ ዳሌህ ጨርሶ ከቦታው የወጣበት የመጨረሻው ደረጃ ነው ብለውኛል። እግሬ 5 ሳንቲ ያጥራል። ሮቦቱ ያስተካክለዋል?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ማሽኑ ይለካል እንጂ ነርቭ አያስረዝምም። እግር በአንዴ ከ4 ሳንቲ ገደማ በላይ ከተሳበ ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ፣ ሳያቲክ የሚባለው፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ የእግር ጫማዎን ቀና ማድረግ ያቅትዎታል። ለዚህ ነው እንደ እርስዎ ባለው ላይ ብዙ ጊዜ የጭን አጥንቱ ተቆርጦ የሚያጥረው። ያ በሐኪሙ እጅ የሚሠራ ነው። እና እባክዎ፣ ስንት እንደሠራ ይጠይቁት።

አቤል፦ አክስቴን ወጌሻ አሽቷት ድናለች።

የጉለሌው፦ ወጌሻ ጎድጓዳ ያጠልቃል እንዴ?

አቤል፦ ባህላችንን አትናቅ!

ሜሪ፦ የኔም አያት በወጌሻ ነው እስከ ዛሬ የሚያነክሱት።

ሲስተር፦ ወጌሻውን እዚህ አታምጡብኝ። ባህል ካነሳችሁ ማዘልን አንሱ! ሕፃን ሲታዘል እግሩ ተከፍቶና ታጥፎ ነው፤ ለዳሌው የሚመቸው እንደዚያ ነው። እግሩን ዘርግቶ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን ይጎዳዋል። በእግሩ በኩል ለመወለድ የመጣ ሕፃን ወይም በቤተሰቡ ዲስፕሌዥያ ያለበት ቶሎ ይመርመር። ከ6 ወር በፊት ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በማሰሪያ ይስተካከላል፤ ቢላም ሮቦትም አያስፈልግም።

ሊሊ24፦ ዳሌዬን ያመኛል። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ የት ጋ? ብሽሽትሽን ነው ጎንሽን? ከመቼ ጀምሮ?

ሊሊ24፦ እንዲሁ ያመኛል። ዲስፕሌዥያ አለብሽ ብለውኛል። በሮቦት ልቀየር?

ሲስተር፦ 24 ዕድሜሽ ከሆነ ምን አስቸኮለሽ? በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ልስላሴ (ካርቲሌጅ) ገና ካልተበላ የራስሽን ጎድጓዳ ቆርጦ ማዞር ይቻላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በርን፣ ስዊዘርላንድ የተጀመረ ኦፕሬሽን ነው። መጀመሪያ ስለሱ ጠይቂ።

አቤል፦ ባጭሩ፣ ሮቦት ይሻላል አይሻልም?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ኩባያውን በታቀደው ቦታ በማስቀመጥ በኩል ብልጫው ታይቷል። ለተተከለው ዳሌ ረጅም ዕድሜ ይሰጣል የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም። ደግሞ ማሽኑ ዳሌውን እንዲከታተል በዳሌ አጥንት ላይ ችንካር ይመታል፤ እሱም የራሱ ቁስል አለው። ሐኪሙን አጣራ ብያለሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

እማማ ዘነቡ፦ ልጄ፣ ከተቀየርኩ በኋላ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ላፈላ?

ሲስተር፦ እማማዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በርጩማ የለም። በተለይ ከኋላ በኩል ከተቀደደ፣ ዝቅ ብለው ሲጎነበሱ ሊወልቅ ይችላል። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ ጀበናው አይቀየምም። በሉ፣ ነገ ጠዋት ዱቲ አለኝ፣ ልተኛ።

ቲጂ፦ ሲስተር፣ ዋጋውስ?

ሲስተር፦ ኢንሹራንስ!