የሜዱሳ ፀጉር የት ገባ?

ጥያቄ፦ ከደሴ ፒያሳ ነኝ። የማርቭልን «ኢንሂዩማንስ» ኮሚክስ በጣም እወዳለሁ፤ የቴሌቪዥን ተከታታዩን በፍላሽ አስገልብጬ ባየው ግን በሽቄ ቀረሁ። ንግሥት ሜዱሳን ገና በመጀመሪያው ክፍል ፀጉሯን ላጯት! ኃይሏ እኮ ፀጉሯ ነው። ምን ነካቸው?

መልስ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ያናድዳል። በታሪኩ የሚያስላጫት ዙፋን ነጣቂው ማክሲመስ ነው፤ እኔ ግን የምጠረጥረው በጀቱን ነው። ሰዓሊ እንደ እጅ የሚይዝ ፀጉር በብዕር ይስላል፣ አለቀ፤ በቴሌቪዥን ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ይሠራል፣ ብር ይበላል። ይባስ ብለው በፈረንጆቹ 2017 የመጀመሪያዎቹን 2 ክፍሎች በአይማክስ ሲኒማ አሳዩዋቸው፤ በዚያ ግዙፍ ስክሪን ጉዱ ፈጦ ታየ። ከ8 ክፍል በኋላም አልቀጠለም። ይልቅ ሜዱሳ መጀመሪያ ብቅ ያለችባቸውን፣ በፈረንጆቹ 1965 የወጡትን የ«ፋንታስቲክ ፎር» ኮሚክስ እትሞች ፈልግና የሰዓሊውን የጃክ ኪርቢን ሥዕል እይ።