የክረምት ጎርፍና የግንባታ ቦታ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ በቦታችን ዝቅተኛ ጫፍ የላስቲክ ሸራ አጥር ተክለን ነበር። የመጀመሪያው ዶፍ ከሥሩ ቦርቡሮ ጣለው። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ሸራ ውሃ አያሳልፍም፤ የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል። የሚያስፈልገው ውሃውን ቀስ እያለ አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ጂኦቴክስታይል የሚባል ጨርቅ ነው። 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ የጨርቁን ግርጌ ቅበሩት፤ አፈሩን መልሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት። ብዙ አጥር የሚወድቀው ይህ ሲዘለል ነው። ቋሚዎቹ ከ2 ሜትር በላይ አይራራቁ፤ ጨርቁም ጎርፉ በሚመጣበት ጎናቸው ይታሰር። አጥሩ ቁልቁል ሳይወርድ ተዳፋቱን አግድም ይከተል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ዳገቱ ይታጠፉ፤ አለዚያ ውሃው ዞሮ ያመልጣል። ደለሉ የአጥሩን ቁመት ሲሶ ሲደርስ ዛቁት።

ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ግን ይህን አጥር አትትከሉ፤ አይችለውም። እዚያ መሃሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ ክትር ይሠራ።

ጥያቄ፦ የመሠረት ጉድጓዱ በዝናብ ሞላ። በፓምፕ ወደ መንገዱ ቱቦ ብንለቀውስ?

መልስ፦ ድፍርሱን እንዳለ አትልቀቁት። የጥቁር አፈር ደቃቅ ሸክላ ቶሎ አይዘቅጥም፤ የሚዘቅጠውም ቱቦውን ይደፍናል፤ ቀጣዩ ዝናብ ጎረቤት ቤት ይገባል። የፓምፑን መሳቢያ ከባዶ ጄሪካን ጋር አስራችሁ አንሳፍፉት፤ ከላይ ያለውን ጠራ ያለ ውሃ ይሳብ እንጂ ጭቃውን አይንካ። የሚወጣውን በማዝቀጫ ጉድጓድ አሳልፉት።

ጥያቄ፦ የሚክሰር እጣቢስ? ሲሚንቶ ያለው ውሃ ያን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ በጣም። ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) መጠኑ 12 አካባቢ ይደርሳል፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓሣ ይገድላል። የአዲስ አበባ የጎርፍ ቱቦዎች ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ገባር ወንዞች ይፈሳሉ፤ በአቃቂ ውሃ አትክልት ይለማል፣ ከብት ይጠጣል። ከቱቦና ከቦይ ቢያንስ 15 ሜትር ርቃችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ያልተቀደደ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት፤ ሚክሰርም አካፋም እዚያ ብቻ ይታጠብ። ውሃው ሲተን የጠጠረውን ሰባብራችሁ ከግንባታ ፍርስራሽ ጋር አስወግዱት። ዝናብ እንዳይሞላው ሁልጊዜ ይሸፈን።

ጥያቄ፦ የናፍጣ በርሜል የት ይቀመጥ?

መልስ፦ ጣሪያ ሥር፣ ከሥሩ ማጠራቀሚያ ገንዳ ተደርጎለት። ለ200 ሊትር በርሜል ገንዳው ቢያንስ 220 ሊትር ይያዝ። ከፈሰሰ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በትናችሁ ዛቁት፤ በውሃ ማጠብ ናፍጣውን ቱቦ ውስጥ መክተት ነው።