«ስጠይቅሽ ግፊኝ»፦ ከሄልሲንኪ ይዘሽው የመጣሽው ነገር

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የአራተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ባለፈው ግንቦት በአካታችነትና በማኅበራዊ ደኅንነት ላይ በተዘጋጀ ዓለም አቀፍ አጭር ኮርስ ለመካፈል ሄልሲንኪ ሄደሽ ከስምንት አገሮች ከመጡ ተማሪዎች ጋር ሁለት ሳምንት እንደቆየሽ ጽፈሻል። ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የተሰጡትን ሦስት ትምህርቶችም መስመሩ እየተቋረጠብሽ ተከታትለሻል። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። ጓደኞችሽ «ሽርሽር» የሚሉትን ይህን ኮርስ በሲቪሽ ላይ እንዴት ታስገቢዋለሽ? በአንድ ቃለ መጠይቅ «ከዚያ ምን ተማርሽ?» ስትባዪ «የፊንላንድ ሥርዓት ከእኛ እጅግ የተሻለ ነው» ብለሽ ስትመልሺ ጠያቂዎቹ ለምን ቀዘቀዙብሽ? ከተመረቅሽ በኋላስ ሥራ መያዝ ይሻላል ወይስ ውጭ አገር ሄዶ ማስተርስ መማር?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት በደብዳቤሽ ግርጌ «ይህን እንኳ ባልጽፈው ይሻል ነበር» ብለሽ ያሰፈርሻቸውን ጥቂት መስመሮች ማንሣት አለብኝ። በቡድናችሁ ውስጥ በዊልቼር የምትንቀሳቀስ ከሌላ አገር የመጣች ተማሪ ነበረች። ከትራም እንደወረዳችሁ ከኋላዋ ሄደሽ ዊልቼሯን መግፋት ጀመርሽ። ልጅቷ ሁለቱን ጎማዎች በእጇ ጭብጥ አድርጋ አቆመችና ዞር ብላ «ስጠይቅሽ ግፊኝ» አለችሽ። ከማፈርሽ የተነሣ ቀኑን ሙሉ አላነጋገርሻትም። ማታ ግን ራሷ መጥታ የነገውን የጉብኝት መንገድ አብረን እንምረጥ አለችሽ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ደረጃ ያለበትን መግቢያ፣ ጎማ የሚያንገጫግጨውን የድንጋይ ንጣፍ፣ ሊፍቱ ከጀርባ በኩል የተሠራውን ሕንፃ በጣቷ እየነካች አሳየችሽ። በማግስቱ ቡድኑ የሄደው በእሷ መንገድ ነው፤ ማንም አልዘገየም።

ልጄ፣ ከሁለቱ ሳምንት ያመጣሽው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በሲቪሽ ላይ ግን የለም፤ በቃለ መጠይቁም አላነሣሽውም።

እኛ ያደግንበት ደግነት ሳይጠይቅ የሚረዳ ደግነት ነው። ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ካየን ክንዱን ይዘን እናሻግረዋለን፤ መሻገር ይፈልግ እንደሆነ አንጠይቅም። ልባችን ንጹሕ ነው፤ ይሁንና የት እንደሚሄድ የመወሰኑን ነገር ከእጁ ወስደንበታል። ያቺ ተማሪ ያስቆመችሽ እዚያ ላይ ነው። የጎበኘሽው አገር ይህንኑ ሐሳብ በሕግ አስፍሮታል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊንላንድ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የግል ረዳት የማግኘት መብት አለው፤ በሰፊው በሚሠራበት አንድ አሠራርም ረዳቱን የሚቀጥረው፣ የሥራ ሰዓቱን የሚወስነውና ሥራውን የሚያዝዘው ተረጂው ራሱ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከመንግሥት ነው፤ አለቃው ግን አካል ጉዳተኛው ነው። «ስጠይቅሽ ግፊኝ» ማለት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ይህን የምልሽ እኔም ስለበደልኩ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ሳለሁ ቃለ መጠይቁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አደረግነው። ሕንፃው ሊፍት አልነበረውም። በክራንች የሚሄድ አንድ አመልካች ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ወንበር አሳየነውና ትንፋሹ ሳይመለስ መጠየቅ ጀመርን። ምድር ቤት ባዶ ክፍል ነበረን። በጥሪው ደብዳቤ ላይ «ለቃለ መጠይቁ እንድናመቻችልዎ የሚፈልጉት ነገር አለ?» የሚል አንድ መስመር ብንጨምር ይበቃ ነበር። ያ ሰው የሰጠውን መልስ ዛሬ አላስታውስም፤ ግንባሩን የጠረገበት ነጭ መሐረብ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠሪዎችን ባገኘሁ ቁጥር ስለዚያች አንድ መስመር ሳልናገር አልለይም።

አሁን ወደ ሲቪሽ። የጻፍሽው «በፊንላንድ በአካታችነትና በማኅበራዊ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሰርተፍኬት አለኝ» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ስለ አንቺ አንድም ነገር አያውቅም። ሰርተፍኬቱ ላይ 3 የአውሮፓ ክሬዲት እንደተጻፈበት ነግረሽኛል። በእነሱ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ማለት ነው፤ ስለዚህ ኮርሱ ንባቡና የኢንተርኔት ትምህርቱ ተጨምሮ ከ75 እስከ 90 ሰዓት የሚገመት ነው። «ሽርሽር» ለሚሉሽ ይህ ቁጥር ይበቃቸዋል። ክሬዲቱን ጻፊው። ቀጥሎ የሠራሽውን በግስ ጻፊው፤ «ከስምንት አገሮች በመጡ ተማሪዎች ቡድን ውስጥ በዊልቼር ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚመች የጉብኝት መስመር በጋራ አዘጋጅቻለሁ፤ የቡድኑን የመጨረሻ ሪፖርት በእንግሊዝኛ አቅርቤያለሁ።» ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ቦታውንም አስተካክዪው። «ትምህርት» ከሚለው ክፍል አውጥተሽ «ሥልጠና» በሚለው ሥር አስገቢው። የሁለት ሳምንትን ኮርስ ከዲግሪሽ ጎን ስታሰልፊው ቀጣሪው ነገሩን አግንነሽ ያቀረብሽ ይመስለዋል፤ አንዴ ከጠረጠረሽ ደግሞ ቀሪውንም ገጽ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ጠያቂዎችሽ የቀዘቀዙት ፊንላንድን ስላመሰገንሽ አይመስለኝም። «የተሻለ ነው» ብለሽ ፍርድ ሰጠሽ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ግን አልነገርሻቸውም። በጉብኝታችሁ ላይ ያየሽውን፣ መንግሥት ለእናቶች የሚሰጠውን የሕፃን ሣጥን አስቢ። በደብዳቤሽ «ደስ የሚል ካርቶን፣ ውስጡ የሕፃን ልብስ» ብለሽ አልፈሽዋል። ያ ካርቶን ታሪክ አለው። ሕጉ በ1937 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1938 መታደል ሲጀምር የሚሰጠው ለድሀ እናቶች ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ፊንላንድ ሀብታም አገር አልነበረችም፤ የሕፃናት ሞትም ከፍተኛ ነበር። በ1949 ለሁሉም እናቶች እንዲሰጥ ተደረገ፤ ሣጥኑን ለማግኘት ግን እናቲቱ እርግዝናዋ አራት ወር ሳይሞላው ሐኪም ቤት ሄዳ መታየት ነበረባት። ሁለት ነገር ልብ በዪ። ለሁሉም ሲሆን ሣጥኑን መቀበል የድህነት ምልክት መሆኑ ቀረ። ከክትትሉ ጋር ሲታሰር ደግሞ ስጦታው እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣ መንገድ ሆነ።

ከዚህ ተነሥተሽ ወደ ራስሽ አገር ተመለሺ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የገጠር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በክፍል ተምረሽዋል። እሱ ለሁሉም የሚሰጥ ሳይሆን ተመርጦ የሚሰጥ ነው፤ ማኅበረሰቡ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች ይለያል፣ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ አረጋዊው፣ በሽተኛውና ጉልበት የሌለው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ተለቅቀው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ፤ ይህም ከጤና ክትትል ጋር እንዲያያዝ ታስቧል። አየሽ፣ ከፊንላንዱ ሣጥን ጋር የሚነጻጸር ሐሳብ እዚሁ ቀበሌ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ያው ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ ብትዪ ጠያቂው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋል፦ «እዚያ ድጋፍን ከጤና ክትትል ጋር እንዴት እንዳሰሩት አየሁ። በእኛ ሴፍቲኔት ውስጥም ነፍሰ ጡሮች ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ። እኔ በዚህ ወረዳ ብመደብ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ዝውውሩ በስንተኛ ወራቸው እንደሚደረግና ለሴቶቹ ማን እንደሚነግራቸው ነው።»

ሌላም ነገር አለ። አካታችነትን ከአውሮፕላን ይዘሽው እንደወረድሽ አድርገሽ አትናገሪ። ፊትሽ የተቀመጡት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሊሆኑ ይችላሉ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ ቀጣሪው የሥራውን ሁኔታ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. የአገራችን ሕግ ሆኗል። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ቀጥሎም ያንቺኑ ሙያ፣ ሶሻል ወርክን ተምራ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብላለች። እነዚህን ሳታውቂ ስለ ሄልሲንኪ ትራም ብታወሪ ያሳዝነኛል።

ለሥራ ፍለጋሽ የሚጠቅምሽ ሌላ ሕግ ልጨምርልሽ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከበጀቱ ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አነሣው። ዛሬ በጋዜጣና ኢትዮጆብስ በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ «የሥርዓተ ፆታና ማኅበራዊ አካታችነት ባለሙያ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን የምታዪው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን ክፍል በጥንቃቄ አንብቢው፤ በአብዛኛው የሚጠይቁት የመስክ ልምድ ነው። ተማሪ ሆነሽ ይህን ከየት ታመጪዋለሽ?

ከግቢሽ። ለመመረቅ ሁለት ሴሚስተር ቀርቶሻል። ካርታ መዘርጋቱን ተምረሻልና በዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ በዊልቼር የሚንቀሳቀሱ፣ ማየት የተሳናቸውና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችን ፈልጊ። አብረውሽ እንዲሠሩ ጠይቂያቸው፤ እምቢ ካሉ ተዪያቸው፤ እሺ ካሉ እነሱ ይምሩሽ። ከመኝታ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ምግብ አዳራሽ አብራችሁ ሂዱ። ሜትር ይዘሽ ሂጂ። በዊልቼር ለሚወጣ ሰው የሚመከረው ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ነው፤ የሁለት ደረጃን ከፍታ በአንድ ሜትር ሲሚንቶ ለመሸፈን የተሠራ ራምፕ ካገኘሽ ለካሜራ እንጂ ለሰው አልተሠራም። የአገራችን የሕንፃ ሕግ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች እንዲጠቀሙባቸው ሆነው እንዲሠሩ ደንግጓል፤ የለካሽውን ከዚያ ጋር አስተያዪው። ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ አድርጊው፤ አብረውሽ የሠሩት ተማሪዎች ስም ከስምሽ ጋር ይሁን፣ ይህንንም እነሱ ከፈቀዱ። ለተማሪዎች ዲን አቅርቡት። ዲኑ አንድ በር እንኳ ቢያስተካክል በሲቪሽ ላይ የሚጻፍ ሥራ ሆነ፤ ባያስተካክልም ጽሑፉ በእጅሽ አለ፣ ቀጣሪ ሲጠይቅሽ ቦርሳሽን ከፍተሽ ታወጪዋለሽ።

ስለ ማስተርስ አጭር ልሁን። መጀመሪያ ሥሪ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለሆነው ለቼቭኒንግ ለማመልከት 2,800 ሰዓት፣ ለስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ደግሞ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ ይህን በጠቅላላው ባይጠይቅም ሠርተሽ ስታመለክቺ የምትጽፊው ድርሰት ሌላ ይሆናል። ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም ወረዳ ውስጥ ከሰው ጋር የምትውዪበትን ሥራ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ብቻ ከምታጠናቅሪበት አስቀድሚ።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ነገር አለ። ለኮርሱ አስተባባሪ በዚህ ሳምንት ኢሜይል ጻፊላት፤ ማን እንደሆንሽ፣ በየትኛው ቡድን እንደነበርሽ፣ ምን እንዳቀረብሽ አስታውሻት። የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልግሽ ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ብዙ ተማሪዎች በእጇ ስላለፉ መልክሽ ይጠፋባታል።

ለዚያች ተማሪም ጻፊላት። ስልኳ እንዳለሽ ነግረሽኛል። የግቢሽን ጽሑፍ ስትጨርሺ ላኪላትና ያመለጠሽን እንድታሳይሽ ጠይቂያት። ከዚያ በትራሙ ፌርማታ የሆነውን በቃለ መጠይቅ ላይ ልታነሺው እንደምታስቢ ንገሪያትና ፈቃዷን ጠይቂ። መልሷ እስኪመጣ ድረስ አታንሺው፤ እምቢ ካለችሽም የካርታውን ሥራ ብቻ ተናገሪ።