ላልታረመ ፕላን ቀሪውን ልክፈል?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

የቤት ፕላን ያሠራሁት አርክቴክት ትዕግሥቴን አሟጥጦታል። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ ከቀጠሮው እጅግ ዘግይቶ ያስረከበኝ ሥራ በችኮላ የተሞነጫጨረ ይመስላል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ከእጅ መታጠቢያው ጋር ይጋጫል፤ በወለል ፕላኑ ከመግቢያው በስተግራ ያለው መስኮት በፊት ገጽታው ንድፍ ላይ በስተቀኝ ተቀምጧል፤ የደረጃው ልክም ከገጽ ገጽ ይለያያል። አርክቴክት ነኝ የሚል ሰው ግራና ቀኝ እንዴት ያምታታል? እሱ ግን ያለ ኀፍረት ቀሪውን ክፍያ ይጠይቃል። ስልኩን ማንሣት ከተውሁ ሰንብቻለሁ፤ ስለ ስህተቶቹም ከየት እንደምጀምር ስለ ቸገረኝ እስካሁን አልነገርሁትም። ግንበኛው ደግሞ ሥራ ለመጀመር እየጠበቀኝ ነው። ለመሆኑ ቀሪውን ሳልከፍል በዚሁ ፕላን ባስጀምረው ያስወቅሰኛል?

ትዕግሥቴ ያለቀ

መልስ

አዎን፣ ያስወቅስዎታል። በሰውየው ግድየለሽነት አልከራከርዎትም፤ እኔን የከነከነኝ ጣል አድርገው ያለፉት ነገር ነው፤ ስህተቱን አልነገሩትም። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ሥራውን አስረክቦ ደንበኛው የጠፋበት ሰው ነው። ምክንያቱ ሳይነገር የተያዘ ክፍያ፣ የያዘው ሰው የቱንም ያህል ቢበደል፣ በእኔ ዓይን ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

መብትዎ ግን ትንሽ አይደለም። ጠበቃና ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ቃል በትጋት እንሠራለን የሚል እንጂ እንረታለን ወይም እንፈውሳለን የሚል ስላልሆነ፣ ውጤቱ ባያምርም ይከፈላቸዋል። ፕላን ግን ሊሠራበት ካልቻለ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ ገጾቹን እርስ በርስ ማስማማትም ተጨማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት አይደለም። ስለዚህ ጉድለቶቹን ከነገጻቸው ዘርዝረው በጽሑፍ ይላኩለት፤ ማረሚያ ቀንም ይቁረጡለት። በግንባታ ውሎች ከተቋራጩ ክፍያ 5 ወይም 10 በመቶ ያህሉን ጉድለቱ እስኪታረም መያዝ የተለመደ ነው፤ እርስዎም ነቀፋ ለሌለበት ሥራ የሚገባውን ከፍለው፣ ለእርማቱ የሚመጥነውን ብቻ ያቆዩ። አላርምም ካለ ሌላ ባለሙያ አስመርምረው፣ የእርማቱን ወጪ ከቀሪው እንደሚቀንሱ አስቀድመው ያሳውቁት።

ግንበኛውን ማስጀመሩን ግን በፍጹም አይሞክሩት። በፕላኑ ከሠሩበት ተቀብለውታል ብሎ ይከራከርዎታል፤ ከዚያም የሚከፋው፣ ዛሬ በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚታረመው ደረጃ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ በመዶሻ የሚፈርስ መሆኑ ነው፤ የዚያ ኪሳራ ደግሞ፣ ስህተቱን እያወቁ ስላሠሩ፣ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።