ዲግሪሽ ላይ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ስለሚል ቀጣሪው አልቀበልም ላለሽ

ዲግሪሽ ምንም ችግር የለበትም። ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ማለት የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ዋናውን ዲግሪ፣ ኮፒውንና መታወቂያሽን ይዘሽ ሀዋሳ ዋናው ግቢ ሬጅስትራር ሂጂ። የስም ለውጡንና የአንቺን መመረቅ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ አንዳንድ የሰው ኃይል ክፍል አይቀበልም።

ቀጣሪው ከተከራከረሽ ታሪኩ ይኸው፦ የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እርሻ ኮሌጁ ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። (የአዳማው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አንድ ጊዜ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር፤ የአገራችን ተቋማት ስም መቀየር ይወዳሉ፣ ወደፊትም አይተዉም።)

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የተማርሽው ዲላ ግቢ ከሆነ፣ ዲላ በኋላ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ፋይልሽ የትኛው ጋ እንዳለ ሳታጣሪ መኪና አትሳፈሪ። ውጭ አገር ማስተርስ ካሰብሽ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤም በዚያው አስጽፊ።