«ናኖ ሲልቨር» የላም ጡት በሽታን ያድናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ባለሙያችን። ሮቢት ባታ ነኝ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ። ሁለት ዲቃላ ጥገቶች አሉኝ፤ ወተቱን ከተማ ለሻይ ቤቶች ነው የማስረክበው። አንደኛዋ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። የኋላ ግራ ጡቷ አብጦ ወተቱ እየጓጎለ ይወጣል። መርፌ ተወግታ ደህና ሆና ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰባት። አሁን በቴሌግራም «ናኖ ሲልቨር» የሚባል ብልቃጥ ይሸጣሉ። በጡቷ ቀዳዳ ይጨመራል፣ ባክቴሪያን ሁሉ ይገድላል፣ ወተትም አያስደፋም ይላሉ። ልጄ ደግሞ ናኖ የሚባል ነገር የለም፣ ማጭበርበሪያ ነው ይለኛል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቅርብዎ። ግን ልጅዎም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ናኖ የሚባል ነገር አለ፣ እርስዎም ሳያውቁት ተጠቅመውበት ይሆናል።

ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ወባ ሲበረታ ጤና ኬላ ሄደው ጣትዎን ተወግተው ያውቃሉ አይደል? ደሙ ጠብ የሚልባት ትንሽ ፕላስቲክ ላይ ቀይ መስመር ብቅ ትላለች። ያንን መስመር በአብዛኛው የሚያቀላው ወርቅ ነው። ቀልድ አይደለም። ወርቅ ወደ 40 ናኖ ሜትር ገደማ ሲደቅቅ ቢጫነቱ ይጠፋና ቀይ ይሆናል፤ አንድ ናኖ ሜትር ማለት ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረቱ 80,000 ናኖ ሜትር አካባቢ እንደሆነ ካሰቡ መጠኑ ይገባዎታል። የወርቁ ቅንጣት ላይ የወባን ምልክት የሚይዝ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ ምልክቱ ደም ውስጥ ካለ ቅንጣቶቹ መስመሩ ላይ ይከማቹና ቀይ ሆነው ይታያሉ። ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታም በዚሁ መንገድ የሚሠራ መመርመሪያ አለ።

ሕክምናውም ቢሆን አለ። ፋይዘርና ሞደርና የሠሩት የኮቪድ ክትባት በናኖ መጠን የቅባት ጠብታ ተጠቅልሎ ነው የሚወጋው፤ ያለዚያ ክትባቱ ለሰውነታችን የሚያደርሰው መልእክት (ኤምአርኤንኤ) ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ ይበላሻል። አሜሪካኖቹ በ1995 ደግሞ ዶክሲል የሚባል የካንሰር መድኃኒት ፈቅደዋል። እሱም የድሮ መድኃኒት ነው፣ ልብ ይጎዳ ስለነበር በጥቃቅን የቅባት ከረጢት አሸጉትና ጉዳቱ ቀነሰ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። እነዚህ ሁሉ ናኖ ስለሆኑ ብቻ ገበያ አልወጡም። እያንዳንዱ በዚያው በሽታ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ተፈትኖ ነው የወጣው። የእርስዎን ብልቃጥ የሚሸጠውን ሰው «በየትኛው ላም፣ በየትኛው ጡት ላይ ተሞከረ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ የሌላ ሰው ቪዲዮ ከሆነ ነገሩ አበቃ።

ሲልቨር ማለት ብር ነው፣ ጌጥ የሚሠራበት ማዕድን። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፣ ይህ እውነት ነው። ከቅንጣቱ እየተላቀቀ የሚወጣው የብር አዮን (ኤሌክትሪክ የተሸከመ የብር አቶም) የባክቴሪያውን ሽፋንና ፕሮቲን ያበላሻል፤ ለቃጠሎ ቁስል ብር ያለበት ፋሻ የሚታሰረውም ለዚህ ነው። ግት ግን ቁስል አይደለም። ውስጡ ወተት አለ፣ ወተት ደግሞ ፕሮቲን ነው፣ ብሩ ባክቴሪያውን ሳያገኝ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል። ሌላም አለ። የታመመ ጡት ወተት ጨው ጨው እንደሚል ሰምተው ይሆናል። በብግነቱ ምክንያት የደም ጨው ወደ ወተቱ ስለሚገባ ነው፤ ብር ደግሞ ከጨው ጋር ሲገናኝ ይዋሃድና አቅሙ ይደክማል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የጨረሰ ነገር ግት ውስጥ ምንም ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ የእርስዎ ላም በሽታ ተመላላሽ ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የምጠረጥረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ይህ ተንኮለኛ ነው። ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ በጠባሳ ተከልሎ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱ ሲያልፍ ብቅ ይላል። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትም ሁሉም እኩል ወደ ግት አይደርስም። ወይም ደግሞ ላሟ ስትሻላት መርፌው ተቋርጧል፣ ይህን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

«ወተት አያስደፋም» የሚለው ነገር ደግሞ በጣም ያናድደኛል። ማንኛውም በጡት ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ወተቱ ስንት ቀን ለሰው እንደማይሰጥ ተለክቶ ነው የሚጻፍበት። ያልተለካው ነገር «አያስደፋም» አይባልም። ያንን ወተት የሚጠጣው የሻይ ቤት ደንበኛ ብቻ አይደለም፣ የልጅ ልጅዎም ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት የአራቱንም ጡት ወተት ይፈትሹ፣ አንዱ አብጦ ሌላው ውስጥ ለውስጥ ታሞ ሊሆን ይችላል። 30 ግራም ኦሞ በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። አራት ስኒ ያዘጋጁ፣ ለእያንዳንዱ ጡት አንድ። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ደፍተው፣ ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ወተት ያልቡና እኩል መጠን የኦሞ ውሃ ይጨምሩበት። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ስኒውን ቀስ ብለው ያሽከርክሩ። እንደ ውሃ ከተንከባለለ ደህና ነው። እንደ ተልባ ከተዝለገለገ ታሟል፤ ሳሙናው በሽታውን ሊዋጉ የመጡትን ነጭ የደም ሕዋሶች ስለሚያፈነዳቸው ነው የሚወፍረው። ሁለተኛዋንም ላም እንዲሁ ይፈትሹ። ስኒዎቹን ለቡና አይመልሱ፣ የፈተሹበትን ደግሞ ከጉድጓድ ውሃውም ከሐይቁም ርቆ ይድፉት።

ቀጥሎ ናሙና ነው። የእንስሳት ጤና ኬላ ያለውን ባለሙያ ይጥሩ፣ የጡቷን ጫፍ በአልኮል ጠርጎ በንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳና በበረዶ ይዞ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ያድርስልዎ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚበግረው ሳይታወቅ ሌላ መርፌ መሞከር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ናሙናው ሳይወሰድ ምንም መድኃኒት አይስጧት፣ ውጤቱን ያጠፋዋል። ላሟ ግን ትኩሳት ካላት፣ መኖ ከተወች፣ ወተቱ ውሃ ወይም ደም ከመሰለ፣ ውጤት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይምጣ። አንዳንዱ ዓይነት በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል።

የሚታዘዝልዎት በጡት ቀዳዳ የሚገባ ቱቦ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይስጡ፣ የወተቱ መጓጎል ቢጠፋም። በመለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱን አይሽጡ፣ ከጤነኞቹ ሦስት ጡቶች የሚወጣውንም ጭምር። የሚገዙት መድኃኒት በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። አይፈሩ፣ ሻጩ ቢቆጣ ሌላ ቤት ይሂዱ።

እስከዚያው ጤነኛዋን ቀድመው፣ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ይለቡ። አንድ ጨርቅ ለሁለት ላም አይሁን፣ ይህ በሽታ በአላቢው እጅና በጨርቅ ነው የሚሻገረው። አልበው ሲጨርሱ የጡቷን ጫፍ ለዚሁ በተዘጋጀ አዮዲን ይንከሩና ድርቆሽ ያቅርቡላት። ቆማ ስትበላ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ወዲያው ከተኛች ጭቃው ይገባል።

የላቦራቶሪው ውጤት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው ካለ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሙሉ በሙሉ የመዳን ዕድሏ ጠባብ ነው። ያኔ ከሐኪሙ ጋር ሆነው ሁለት ነገር ያመዛዝኑ፦ ወተቷ ሲደርቅ በዚያን ጊዜ የሚሰጠውን መድኃኒት መሞከር፣ ወይም የመድኃኒቱ ቀን ካለፈ በኋላ ለሥጋ መሸጥ። ሌላ ወተት አላቢ ቤት እንዳትገባ ግን አደራ።